ሱሉልታ ላይ ክፍት የቀረው መስመር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ኬብል መግጠም ነበር። ምሳ በልተን ሳህኖቹን አነሳሁ፤ እሱ ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረገና ከመሳቢያው ሽቦውን፣ መቀሱንና መግጠሚያ ፒንሳውን አወጣ። በሽቦው ሆድ ውስጥ ቀጫጭን ባለ ቀለም ገመዶች አሉ። አንደኛው ጫፍ ላይ በአንድ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ በሌላኛው ጫፍ ላይ ቅደም ተከተሉ ከኋላ ወደ ፊት ይገለበጣል። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስለሚረሳው ቀለሞቹን የምጠራለት እኔ ነበርኩ።

«ቡናማ» አልኩት።

«ሙሉው ነው ወይስ ነጭ ያለበት?»

«ሙሉው። ነጭ ያለበት ቀጥሎ ነው የሚመጣው።»

«አይ መምህርት፣ ተማሪሽ ብሆን ጥለሽኝ ነበር።»

«አሁንም ጥዬሃለሁ። መነጽርህን አውርድ።»

ሳቀ፤ ግን አላወረደም። ኬብሉን ጨርሶ በሁለት እጁ ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው፤ ከዚያ ጠቅልሎ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። መንገድ ሲከፈት ሰበታ ይዞት ሊሄድ ነበር።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። ሁለታችንም አዲስ አበባ ያደግን ነን፤ ከተጋባን በኋላ እዚህ መጥተን መጀመሪያ ተከራየን፣ ኋላ ትንሽ ቤት ሠራን። ልጅ አልወለድንም። እኔ እዚሁ ከተማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። እሱ ውሃ አሽጎ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። የድርጅቱ ዋና ቢሮ አዲስ አበባ፣ ፋብሪካው ሱሉልታ፣ መጋዘኑ ሰበታ ነው። ካርታ ላይ ሲታዩ የኛን ጨምሮ ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። እግር ግን እንደ ካርታ አይሄድም። ሰበታ ለመድረስ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ በአየር ጤና መውጣት፣ ሱሉልታ ለመድረስ ደግሞ በአዲሱ ገበያ አድርጎ ተራራውን መሻገር ያስፈልጋል። ባለቤቴ ዕድሜውን ያሳለፈው በዚህ መንገድ ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የማስተር ፕላኑን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከተማሪዎቼ ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ የአባቶቻችን መሬት ሊሄድ ነው ይሉ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ። ከዚያ ክርክሩ ከግቢው ወጣ። መንገድ ላይ ድንጋይ መደርደር ተጀመረ፤ አንዳንድ ቀን ጎማ ይቃጠላል፤ አንዳንድ ቀን ከወዲያ በኩል ተኩስ ይሰማል። በየሰፈሩ የለቅሶ ድንኳን ይተከል ነበር። አንዱ ሳይነሳ ሌላው ይቆማል፤ የዕድሩ ወንበር ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ከረመ።

በነዚያ ቀኖች ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሱሉልታ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ስልክ አይሠራም። በማግስቱ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ሸሚዙ ጢስ ጢስ እየሸተተ ገባ። ከፊሉን በእግሩ፣ ከፊሉን ባገኘው መኪና ነው የመጣው። እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳለ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ከእንግዲህ አትሄድም» አልኩት።

«ስዊቹ ሲታመምስ?»

ስዊች የሚለው የፋብሪካውን ኮምፒውተሮችና ማሽኖች ሁሉ በገመድ የሚያገናኘውን ሳጥን ነው። ስለ ሳጥኑ ሁሌ እንደ ሰው ነበር የሚያወራው።

«እዚህ ቁጭ ብለህ አታናግረውም?»

«በኔትወርክ ነዋ የማናግረው። እሱ ከታመመ ኔትወርክ የለም። ያኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቼ ነው የማዋራው።»

«እንግዲያው ጆሮው ሥር የሚቀመጥ ሰው ፈልግለት» አልኩት፤ ለቀልድ ነበር።

አልሳቀም። እግሩን ከውሃው ሳያወጣ ግድግዳውን እያየ ቆየ።

በሌላ ሳምንት መንገዱ ሲከፈት ሄዶ በደህና ተመለሰ። ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ «ሰው አገኘሁለት» አለኝ።

«ለማን?»

«ለስዊቹ።»

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁን ግን እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ፋየርዎል የሚባል ሌላ ሳጥን አለ። ሥራው ጥበቃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው መስመር መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል፣ እሱ እያየ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ስለዚህ ስዊቹ ቢታመም እንኳ ከቤት ሆኖ ፋየርዎሉ ጋ መድረስ ይቻላል። ፋየርዎሉ ጎኑ ላይ ማንም የማይነካት አንዲት መሰኪያ ነበረችው። ባለቤቴ ከዚያች መሰኪያ ተነስቶ ኮንሶል ወደምትባለው የስዊቹ ቀዳዳ፣ እሱ ጆሮ ወደሚላት፣ አጭር ኬብል ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ ቡራዩ ተቀምጦ ፋየርዎሉ ውስጥ ይገባል፤ ፋየርዎሉም የሚለውን ሁሉ በኬብሉ በኩል ለስዊቹ ያደርስለታል። አጠገቡ የቆመ ያህል ነው። ሚስማሩ ላይ የሰቀለው ኬብልም ለሰበታው መጋዘን እንዲሁ ሊያገለግል ነበር።

«ዘበኛው መልእክተኛ ሆነ በለኛ» አልኩት።

«ታማኝ መልእክተኛ። የሰማውን እንዳለ ነው የሚያደርሰው። እንደ ሰፈራችን ሰው ጨው ጨምሮበት አይደለም።»

ደስ አለኝ። ያን ጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ መንገድ ላይ እንዳይሆን። ያ ሳጥን እቤት አስቀመጠልኝ። ትምህርት ቤቱ በሚዘጋባቸው ቀኖች ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እሱ ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል፣ እኔ ፈተና አርማለሁ። ውጭ ምንም ቢሆን እሱ ሱሉልታ ሄዶ የተመለሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው።

የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ የቀረን የቤቱ የሽቦ መስመር ነበር፤ እሱም ቀርፋፋ ነው፣ ደጋግሞ ይቋረጣል። በተቋረጠና በተመለሰ ቁጥር ባለቤቴ ግራና ቀኝ ጣቱን አንድ ላይ ጫን ያደርግና «ምን ላይ ነበርን?» ይላል። መጀመሪያ ጊዜ እኔን የጠየቀኝ መስሎኝ «ስለ እህትህ ልጅ ሠርግ» ብዬ መለስኩለት።

«ኧረ አንቺን አይደለም!»

«ከኔ ሌላ ማን አለ?»

«ስዊቹን ነው የምጠይቀው» ብሎ እየሳቀ አስረዳኝ። መስመሩ ሲቋረጥ ስዊቹ አያውቅም። በዚያ ኬብል ጫፍ ያለው ሰው መሄዱ አይነገረውም፤ ተጽፎ ያላለቀው ነገር እንዳለ ሆኖ ይጠብቃል። ሰውየው ሲመለስ ግን ስክሪኑ ባዶ ነው፤ ምንም ያልተጀመረ ይመስላል። ያኔ ለማንቃት ብሎ ኢንተርን ከተጫነ፣ ግማሹ ዐረፍተ ነገር እንዳለቀ ተቆጥሮ ይፈጸማል። አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጎ የፋብሪካውን እኩሌታ አጨልሟል። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ሲገባ ኢንተርን አይነካም፤ መጀመሪያ ኮንትሮልን ከአር ጋር ይጫናል። ስዊቹም የተጀመረውን መስመር እንደገና ጽፎ ያሳየዋል።

ሌላም ልማድ ነበረው። ሰው ዝም ብሎ ሲቆይ ስዊቹ በራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል፤ እሱ ግን ያንን አጥፍቶታል። በተቋረጠ ቁጥር እንደገና የይለፍ ቃል መጻፍ አንገፍግፎት ነው።

«ክፍት ትተኸው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ዘበኛው በር ላይ ቆሟል አይደል እንዴ?» አለኝ።

ዘበኛው የሚያስገባው የእሱን ላፕቶፕ ብቻ ነበር። ፋብሪካዎች ተሰብረው ተገባባቸው የሚል ወሬ ሲበዛ ደግሞ የስዊቹን የይለፍ ቃል ለወጠው። ማንም አጠገቡ ቆሞ ሊሰብረው ቢሞክር ውስጡ ያለው ሁሉ እንዲጠፋ አድርጎም ዘጋው። አዲሱን ቃል ለዋናው ቢሮ በስልክ መንገር አልፈለገም። መንገድ ሲከፈት በአካል ሄጄ እሰጣለሁ አለ።

ውስጡ ያለው ሲባል ምን እንደሆነ አይቻለሁ። እያንዳንዱ ገመድ የት እንደሚሄድ መግለጫ ጽፎበታል፤ ፊደሉ የእንግሊዝኛ፣ ቃሉ ግን አማርኛ ነው። የሻይ ክበብ። የመኪና ሚዛን። ከግራር ዛፉ አጠገብ ያለው ክፍል። ሌሎች በቁጥር ነው የሚጽፉት። ለምን እንደነሱ እንደማያደርግ ስጠይቀው «ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ዕረፍት ብወጣ የሚተካኝ ሰው የሻይ ክበቡን ግን አያጣውም» አለኝ። ሥራውን ለዓመታት እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንደሚያነበው እያሰበ።

ኬብሉን በገጠምን ማግስት ጠዋት መንገዱ ዝግ ነበር። ቁርስ ላይ ጨጓራዬ ነው አለኝ፤ ከቀናት በፊትም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ላፕቶፑን ከፍቶ መጻፍ ጀመረ። አብሽ ላፍላልህ ብዬ ተነሳሁ። ከማድ ቤት ስመለስ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ትንሽ ልጋደም» አለኝ።

ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ጎረቤታችንን ጠራሁ። ኦቦ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን ትተው ሮጠው ወጡ፣ ከየት እንዳገኙት ሳላውቅ ባጃጅ ይዘው መጡ። አብረውን ተሳፈሩ። የመጀመሪያው የድንጋይ ክምር ጋ ስንደርስ አንገታቸውን አውጥተው «ዱኩብሳታ! ዱኩብሳታ!» እያሉ ጮኹ፤ በሽተኛ ነው ማለታቸው ነው። ልጆቹ አላንገራገሩም። ድንጋዩን በእጃቸው እያነሱ አሳለፉን። አንዱ እንዲያውም ቀድሞን እየሮጠ ለሚቀጥሉት ይነግርልን ነበር። ከታች በኩል ግን መንገዱን የዘጋው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሙሉ ግንድ። ለመጎተት ብዙ ሰው ፈልጎ ነበር፤ ብዙ ሰውም መጣ። ግንዱን እየጎተቱ ሳሉ ባለቤቴ ነጠላዬን የያዘበት እጅ ላላ።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ልብ ነው አሉኝ።

ልጆቹን አልተቀየምኩም። አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ ነበሩ። በዚያ ሳምንት ከኛ ድንኳን ማዶ ሌላ ድንኳን ነበረ፤ እንደነሱ ያለ የአንድ ልጅ ለቅሶ ነው። የዕድሩ ሰዎች አንዴ እኛ ጋ፣ አንዴ እዚያ እየተፈራረቁ ተቀመጡ። የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ለቀብሩ መድረስ አልቻሉም። ሰበታ ያለችው እህቱ የደረሰችው ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ባዶው ግቢ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ጮኸች፣ እኔ ከውስጥ ሰማኋት።

ከዚያ ቤቱ ዝም አለ። የጠረጴዛውን ያንን ወገን አልነካሁትም። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል፤ ክዳኑን ብቻ ዘጋሁት። ምግብ ለሁለት እያሰብኩ እሠራና ለአንድ የሚሆነውንም አልጨርሰውም። ሰው ሲመጣ መሄዱን እጠብቃለሁ፤ ሲሄድ ደግሞ እስከ በሩ ሸኝቼ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ከወትሮው ይልቅ ጸጥ ብለው ተቀመጡልኝ፤ ያም ከበደኝ።

አርባው ሳይወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከድርጅቱ ዋና ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። በባለቤቴ ቦታ የተተካች ባለሙያ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ትመስላለች። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፤ ነፍስ ይማር ብላ ተቀመጠች። መናገር የፈለገችውን ነገር በጉልበቷ ላይ እንደያዘች ያስታውቅ ነበር።

«እትዬ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ መምጣቴ ነውር ነው» አለች በመጨረሻ። «የሱሉልታውን ስዊች የይለፍ ቃል ምናልባት ነግረዎት እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አልነገረኝም።»

«ተዘግቶ የቆየው ፋብሪካ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። አለቃዬ ቅዳሜ ሰው ይሂድና ባዶ ያድርገው፣ ከዜሮ እንጀምራለን እያለ ነው። የሳቸው ሥራ ሁሉ ይጠፋል። እኔ አልፈልግም ነበር።»

የሻይ ክበብ፣ የመኪና ሚዛን፣ ከግራር ዛፉ አጠገብ ያለው ክፍል። ከሬሳው ላይ ልብሱን የገፈፉት ያህል ተሰማኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ የምፈልገው ነገር እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«አይወጣም ነበር እኮ» አልኳት።

«ምን አሉኝ?»

«ስዊቹን ሳይዘጋው ነው የሚተወው። ራሱም እንዳይዘጋ አድርጎታል። እስከ መጨረሻው ድረስ ውስጥ ነበር።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እንዲህማ አይደረግም» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ እትዬ፤ በትምህርት ቤት እንዲህ ያደረገ ይወድቃል ለማለት ነው።»

«እኔም ብዙ ጊዜ ጥዬዋለሁ» አልኳት። ከቀብሩ በኋላ ስቀልድ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

እሷ ግን ቀድማ እያሰበች ነበር። ስዊቹ አንድ ጊዜ እንኳ መብራት ጠፍቶበት ከሆነ ክፍት የነበረው ተዘግቷል፤ ሲነሳ እንደ አዲስ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስልኳን አውጥታ ለሱሉልታው ፋብሪካ የጥበቃ ሠራተኛ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የማሽኑ ክፍል መብራት ጠፍቶ ያውቃል?»

«ጠፍቶ ያውቃል ወይ? ሱሉልታ መሆኑን ረሳሽው እንዴ?»

«አይ፣ ሳጥኖቹ። የሳጥኖቹ ትንንሽ መብራቶች ጠፍተው ያውቃሉ?»

«እነሱማ አልጠፉም። ባትሪው ሲጮህ ጀነሬተሩን አስነሳለሁ። የቡራዩው ጌታ አደራ ብለውኝ ነበር፤ ባትሪው ሲጮህ እንዳትተኛ ብለውኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከወንበሬ ተነስቼ የላፕቶፑን ገመድ ሰካሁ። ላፕቶፑን ይዤው ልሂድ ወይ ብላ ብትጠይቀኝ እምቢ ልል ነበር፤ ግን አልጠየቀችም። እሱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ ፈቃዴን ጠበቀች። ተቀመጪ አልኳት።

ቢሮው በሚያውቀው የድሮ የይለፍ ቃል ላፕቶፑን ከፍታ ፋየርዎሉ ውስጥ ገባች። ዘበኛው ላፕቶፑን አውቆ አሳለፋት። ከዚያ በኬብሉ በኩል ወደ ስዊቹ አለፈች፤ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ጣቷ ወደ ኢንተር ሲሄድ አየሁ።

«ቆይ» አልኳት፤ እጇን ያዝኩት። «እሱ መጀመሪያ ምን ላይ እንደነበር ይጠይቃል።»

ትንሽ ግራ ገባት፤ ቀጥሎ ገባት። «ልክ ነዎት። የተጀመረ ነገር ይኖራል» አለች። ኮንትሮልንና አርን ጫነች።

መስመሩ መጣ።

እንደ ሁልጊዜው መግለጫ ሊጽፍ ጀምሮ ነበር። ለአንድ ገመድ። ትእዛዙን ጽፎ፣ ክፍት ቦታ ትቶ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «የውሃ መ» ብሎ አቁሟል። ቀጭኗ መስመር ከመጨረሻዋ ፊደል ጎን ቆማ ብልጭ ድርግም ትላለች።

አብሹን ላፈላለት ማድ ቤት የሄድኩት ይህን ሲጽፍ ነው። ሌላ ነገር መጠበቄን ያወቅሁት ይህን ሳይ ነው። ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም። ለኔ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም፤ ሰውየው ሥራ ላይ ነበር። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ወደ ሌላው ሥራ ለማለፍ ይሄ መስመር ወይ መጥፋት አለበት ወይ ማለቅ።»

«ነገ ቢሆንስ?»

«መስመሩ ሳይቋረጥብን ዛሬ ቢያልቅ ይሻላል። ቢቋረጥም ደግሞ ይቆየን ይሆናል፤ ግን ባትሪውን አላምነውም።»

«ምን ሊል ነበር?»

«የውሃ መሙያ ይሆናል። ወይም የውሃ መመርመሪያ። ሁለቱም አሉ። የትኛው ገመድ እንደሆነ ከዚህ አይታወቅም።»

እንግዲያው ጠይቂ አልኳት። ለጥበቃው እንደገና ደወለችና የመሰኪያውን ቁጥር ነገረችው። ሰውየው ሥራው እንዳልሆነ፣ ገመዱም ብዙ እንደሆነ ማጉረምረም ሲጀምር ስልኩን ተቀበልኳት።

«ባለቤቱ ነኝ» አልኩት። «የቡራዩው ሰውዬ ሚስት።»

ማጉረምረሙን ትቶ «እግዜር ያጽናዎት» አለኝ። «ይጠብቁኝ። እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ ልከተለው።»

በስልኩ ውስጥ እርምጃው፣ የበር መከፈት፣ አንድ ጊዜም ማስነጠሱ ተሰማን። ጣቱ ገመዱን ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ ሲሄድ አሰብኩት። ብዙ ቆየ። ባለሙያዋ አንድም ጊዜ ሰዓቷን አላየችም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

«መመርመሪያው ጋ ነው የሚገባው» አለ ጥበቃው። «ውሃውን በብርጭቆ የሚያዩበት ክፍል።»

ባለሙያዋ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረችው። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ መጻፍ አልወድም፤ ተማሪዎቼንም እቆጣለሁ። አንድ በአንድ ፈልጌ ጻፍኩት። ከሱ ፊደሎች ቀጥሎ የኔ ሲሰለፉ ልዩነት አልነበራቸውም፤ የት ላይ እሱ እንዳቆመ የት ላይ እኔ እንደጀመርኩ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። አንድ ጊዜ አነበብኩትና ኢንተርን ጫንኩ።

ምንም አልሆነም። ከሥሩ አዲስ ባዶ መስመር መጣ።

ቀሪውን እሷ ሠራችው። ያለውን ሁሉ እንዳለ አስቀመጠች፤ አዲስ የይለፍ ቃል አደረገች፤ ዘበኛው የእሷን ኮምፒውተርም እንዲያውቅ አደረገች። ወጥታ ከመዝጋቷ በፊት መግለጫዎቹን በሙሉ ከላይ እስከ ታች አሳየችኝ፤ እኔ ሳልጠይቃት ነው። ከሻይ ክበቡ በታች፣ ከመኪና ሚዛኑ በላይ፣ የውሃ መመርመሪያ ይላል። ከዚያ መውጫውን ጻፈችና ስዊቹ ተዘጋ። በባለቤቴ ስም የተከፈተ ነገር ከዚያ በኋላ የትም የለም።

ላፕቶፑ የድርጅቱ ነበር። «ለጊዜው እርስዎ ጋ ይቆይ፤ እኔ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ» አለችኝ። ውሰጂው አልኳት። ከገመዱ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ሰጠኋት። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት፤ የአዲስ አበባ ታክሲ እስኪመጣ አብረን ቆምን። ሲመሽ መብራት ጠፋ። ሱሉልታም ጠፍቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ጥበቃው ተነስቶ ይሆናል።

አንዳንድ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ እሰማለሁ። ስለ ካርታው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ማን ልክ እንደነበረ ያወራሉ። እኔ የምጨምረው የለኝም። ባለቤቴ መንገድ ላይ እንዳይሞት ብዬ እቤት ማስቀመጥ ፈለግኩ፤ እሱም የሚቀመጥበትን ዘዴ አገኘ፤ ዘዴውም ሠራ። ከዚያ የሞተው መንገድ ላይ ነው። ይህን ለማንም ስናገር ሰው ምን እንደሚለኝ አያውቅም፤ ስለዚህ መናገር ትቻለሁ።

አሁን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ጥቂት እጽፋለሁ። የጀመርኩትን መስመር ሳልጨርስ አልነሳም።